የፕሬዝዳንት ስኮላርሺፕ ሲባል ስንት ዶላር ነው?

የኮሌጅ ደብዳቤ የሚመጣበት ሰሞን ነው። በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ገንዘብ ናቸው፣ ከሜሪላንድም ከአዲስ አበባም። የሚበዙት ደግሞ ትናንሾቹንና ስመ ጥር የሆኑትን የአሜሪካ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች የሚመለከቱ ናቸው። ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ይዘው፣ በትንንሽ ክፍል፣ ከሞላ ጎደል የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ብቻ አተኩረው የሚያስተምሩት ማለት ነው። የጠያቂዎቹን ስም አስቀርተን፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ጂፒኤዋ 4.0 ነው፣ ኤስኤቲ 1510 አምጥታለች። ዊሊያምስ ወይም አምኸርስት ካልገባሁ ብላ ቤቱን ይዛዋለች። የባለቤቴ እህት ልጅ በውጤት ከሷ ታንሳለች፣ ግን ኦሃዮ ያለ ኮሌጅ በዓመት 30 ሺህ ዶላር የሜሪት ስኮላርሺፕ ሰጣት። እነ ዊሊያምስ ጋ ብናይ ለውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ የለም ይላል። የተሻለው ኮሌጅ ለተሻለው ተማሪ ምንም የማይሰጠው እንዴት ነው? — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ያነበቡት ልክ ነው፣ አይሰጡም። ዊሊያምስ፣ አምኸርስት፣ ቦውደን፣ ፖሞና፣ ሚድልበሪ፣ ዌልስሊ፣ ቫሳር፣ ሃቨርፎርድ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። እነ ሃርቫርድና ዬልም ለውጤት ብለው ሰባራ ሳንቲም አይሰጡም። ምክንያቱ ብዙ አያስቸግርም። እዚያ የሚያመለክተው ሁሉ ከክፍሉ አንደኛ፣ ቢበዛ ሁለተኛ የወጣ ነው። ለጎበዝ ይሰጥ ከተባለ ለሁሉም ሊሰጥ ነው። ደግሞ ማባበያ አያስፈልጋቸውም፣ ከአስር አመልካች አንድ ሁለቱን ቢቀበሉ ነው። ስለዚህ ያላቸውን ገንዘብ ቤተሰቡ መክፈል ለማይችለው ልጅ ያውሉታል። ኒውዮርክ ስቴት ያለው ሃሚልተን ኮሌጅ እንዲያውም ቀድሞ ሜሪት ይሰጥ ነበር። በ2007 ይቅር ብሎ ወሰነና ገንዘቡን ለቤተሰብ አቅም ወደሚሰጠው ፋይናንሻል ኤይድ አዞረው፣ በ2010 ደግሞ አሜሪካውያን አመልካቾችን የቤተሰባቸውን ኪስ ሳያይ መቀበል ጀመረ።

የኦሃዮው ኮሌጅ ነገር ሌላ ነው። መርካቶ ዋጋ ሰቅሎ ‹ላንቺ ስል› እያለ የሚቀንስ ነጋዴ ያውቁ የለ? ሜሪት ስኮላርሺፕ በአብዛኛው ያ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆች የፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት፣ የግል ኮሌጆች ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሚጠሩት የትምህርት ክፍያ በአማካይ ከግማሽ በላዩን በስኮላርሺፕ ስም ይቀንሱታል። ሙሉውን የሚከፍል ሰው እየጠፋ ነው ማለት ነው። የባለቤትዎ የእህት ልጅ ለዚያ ኮሌጅ ከአማካዩ ከፍ ያለች ተማሪ ሆና አገኟት፣ ሌላ ቦታ እንዳትሄድባቸው ዋጋ ቀነሱላት። ይገባታል፣ እንኳን ደስ ያላት። የእርስዎ ልጅ ግን አነሰች ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ። ገቢያችሁን አልጻፉልኝም። ሁለታችሁም ሠርታችሁ በዓመት 80፣ 90 ሺህ የምታስገቡ ከሆነ እነዚያ ‹ምንም የማይሰጡት› ኮሌጆች ከኦሃዮው በብዙ ሊረክሱባችሁ ይችላሉ። ዊሊያምስ ከ2022 ጀምሮ ፋይናንሻል ኤይድ ለሚገባው ተማሪ ብድሩንም፣ ሠርተህ ክፈል የሚለውንም አንስቶ የጎደለውን ሁሉ በስጦታ ነው የሚሸፍነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም። ከ2011 ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጹ ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር፣ ማለትም ከእርዳታው በኋላ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት ማስሊያ፣ እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። የታክስ ወረቀታችሁንና የባንክ ስቴትመንታችሁን ይዛችሁ ከልጅዎ ጋር አንድ ማታ ቁጭ በሉ። እኛ ቤት ገቢን ለልጅ መናገር እንደ ነውር ይታያል፣ ልጁ ግን የሚሞላው ፎርም ላይ ሁሉም ነገር ሊወጣ ነው። ይንገሯት። የወጣውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት፣ የኦሃዮውን ኮሌጅም እንደዚሁ አስሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ንጽጽር የሚባለው። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከእናንተ አንዳችሁ የራሳችሁን ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ካልኩሌተሩ ሊሳሳት ይችላል፣ ቁጥሩን እንደ ግምት ያዙት።

ሁለት ኮሌጅ ላይ ብቻ መንጠልጠሏን ግን አልወደድኩላትም። ከመቶ አመልካች ከዘጠና በላዩን የሚመልስ ቦታ ላይ 4.0ም ዋስትና አይሆንም። ከሥር ያለውን መልስ አንብባ ከዚያም ትጨምር።

ጥያቄ፦ እኔ ሊሞ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ነርስ ናት። አንድ ላይ 175 ሺህ እናስገባለን። በ2010 የገዛነው ቤት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ካልኩሌተሩን ስሞላው በዓመት 60 ሺህ ክፈል ይለኛል። ከየት አምጥቼ? ታናሽየው ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ይከተላል። ለእርዳታ ሲሆን ሀብታም፣ ለመክፈል ሲሆን ደሃ ሆነናል። — አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜሪት ስኮላርሺፕ የሚጠቅመው እንደናንተ ያለውን ቤት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ። የመንግሥቱ የእርዳታ መጠየቂያ ፎርም፣ ፋፍሳ፣ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው፣ ሀብታሞቹ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ግን ቤቱ ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል፣ ስንት ዕዳ አለበት ብሎ ይጠይቃል። ያንን ቁጥር እንዴት እንደሚያዩት ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። አንዳንዱ ጨርሶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ከገቢያችሁ አንጻር ጣራ ያበጅለታል፣ አንዳንዱ ሙሉውን ይወስደዋል። ስለዚህ አንዱ ጋ 60 ሺህ ስላለዎት ሌላውም 60 ሺህ ይላል ብለው ተስፋ አይቁረጡ። በቀጥታ ደውለው ‹የመኖሪያ ቤት ዋጋን እንዴት ነው የምታዩት?› ይበሉ። የሚመልሱት ነገር ነው፣ አይቆጡም። ሁለት ልጅ ኮሌጅ መሆኑንም እንዲሁ ይጠይቁ፤ ፋፍሳ ከ2024 ወዲህ ለሁለተኛው ልጅ ብሎ አይቀንስም፣ በሲኤስኤስ የሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ዛሬም ያዩታል።

ሜሪቱ ጋ ስንመጣ፣ እናንተ ቨርጂኒያ መሆናችሁ ትልቅ ነገር ነው። ሌክሲንግተን ያለው ዋሽንግተን ኤንድ ሊ ዩኒቨርሲቲ ጆንሰን የሚባል ስኮላርሺፕ አለው። በ2007 ሩፐርት ጆንሰን የተባሉ የቀድሞ ተማሪው 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው የተቋቋመ ነው። ቢያንስ የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ ይችላል፣ በዚያ ላይ ለክረምት ልምምድና ጉዞ የሚሆን ገንዘብ አለው። ከሚገባው ተማሪ አሥር በመቶ ያህሉ ያገኘዋል፣ ይህ ለሙሉ ስኮላርሺፕ በጣም ብዙ ነው፤ ሌላ ቦታ ጥቂት ልጅ ነው የሚመርጡት። ማመልከቻው ተጨማሪ ጽሑፍ አለው፣ ቀኑም ዲሴምበር 1 ነው። ብዙ የኛ ልጆች የሚያመልጣቸው እዚህ ላይ ነው። የመደበኛው ማመልከቻ ጃንዋሪ ነው ብለው ተዝናንተው ይቀመጡና የስኮላርሺፑ ቀን ቀድሞ አልፎ ያገኙታል። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲም ሪችመንድ ስኮላርስ የሚባል ሙሉ አለው፣ ኖርዝ ካሮላይና ያለው ዴቪድሰን ደግሞ ቤልክ የሚባለውን ይሰጣል። ሁለቱም ጋ ውድድሩ የጦፈ ነው።

በዚያ ላይ ስቴቱ ራሱ ይጨምርላችኋል። የቨርጂኒያ ነዋሪ የሆነ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የግል ኮሌጅ ከገባ፣ ገቢያችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ቪታግ የሚባል በዓመት 5 ሺህ ዶላር ገደማ የሚሆን ድጎማ አለ። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዛቱ ያስገርማል። ዝም ብሎ ፎርም መሙላት ነው።

ሙሉው ባይሆንም ጠቀም ያለ ቅናሽ በመስጠት የታወቁት ደግሞ ኬንየን፣ ዴኒሰን፣ ኦበርሊን፣ ዉስተር (አራቱም ኦሃዮ)፣ ሚኔሶታ ያለው ማካሌስተር፣ አዮዋ ያለው ግሪኔል፣ ፔንሲልቬንያ ያለው ዲኪንሰን፣ ሜምፊስ ያለው ሮድስ ናቸው። ሴት ልጅ ከሆነች ማውንት ሆልዮክን ጨምሩ፣ እዚያ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ድረስ የሚደርስ አለ። የሰፈራችንን የመንግሥት ኮሌጆችም አትናቁ። ፍሬድሪክስበርግ ያለው ሜሪ ዋሽንግተን ትንሽ የመንግሥት ሊበራል አርትስ ነው፣ ሜሪላንድ ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሴንት ሜሪስ አለ። የስቴቱ ነዋሪ ሆነው ሲገቡ ብዙ ጊዜ ከግሉ ቅናሽ በኋላ ካለው ዋጋ ይረክሳሉ።

ኮሌጁ በእርግጥ ሜሪት ይሰጥ እንደሆነ ከብሮሹሩ አይታወቅም፣ ብሮሹር ሁሌም ‹ለጋስ ነን› ነው የሚለው። ኮመን ዳታ ሴት የሚባል ሰነድ አለ፣ አብዛኛው ኮሌጅ በየዓመቱ ያወጣዋል። የኮሌጁን ስም ከዚህ ጋር ጽፈው ጉግል ላይ ይፈልጉት። ኤች የሚለውን ክፍል ወርደው ኤች2ኤ የተባለውን ሰንጠረዥ ያግኙ። እዚያ ላይ የገንዘብ እርዳታ የማያስፈልጋቸው ተብለው ሳለ ስኮላርሺፕ የተሰጣቸው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስንት እንደሆኑ፣ በአማካይም ስንት ዶላር እንደደረሳቸው ተጽፎ ያገኛሉ። ዜሮ ካለ በቃ፣ ለሜሪት ብለው እዚያ አይድከሙ። ከአምስት መቶ ልጅ መቶ ሃምሳው አግኝቶ ከሆነ ደግሞ በር አለ። ቀጥሎ ሲ9 ላይ የተማሪዎቻቸውን የኤስኤቲ ውጤት ይዩና ልጅዎ ከላይኛው ሩብ ውስጥ ይውደቅ አይውደቅ ይመልከቱ። ከላይኛው ሩብ ከሆነ ቅናሹ ሊመጣ ይችላል፣ መሐል ከሆነ ሊቀበሉት ይችላሉ ግን ገንዘቡን ብዙ አይጠብቁ። ይህ ሥራ ለአንድ ኮሌጅ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለዚህ ብሎ ሁለት ሦስት ሺህ ዶላር ለአማካሪ የሚከፍል ሰው አውቃለሁ፣ ገንዘቡ የተረፈው ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኧርሊ ዲሲዥን (ከተቀበሉኝ እመጣለሁ ብሎ ፈርሞ ቀድሞ ማመልከት) ባመለክት ስኮላርሺፕ የማግኘት ዕድሌ ይጨምራል? — ተማሪ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ የመግባት ዕድልህ ሊጨምር ይችላል፣ ገንዘቡ ግን አይጨምርም። እዚያ ፈርመህ እመጣለሁ ካልክ ምን ብለው ያባብሉሃል? የምታወዳድረው ሌላ ደብዳቤም አይኖርህም። የሰጡህ ፋይናንሻል ኤይድ ፈጽሞ የማይቻል ከሆነ ይለቁሃል፣ ግን ‹ሌላ ቦታ ሜሪት አገኝ ነበር› ለመልቀቂያ ምክንያት አይሆንም። ካልኩሌተሩ ላይ ያየኸው ቁጥር ቤተሰብህ ያለ ሜሪት የሚችለው ከሆነ ብቻ ፈርም። ካልሆነ ኧርሊ አክሽን የሚባለው አለ፣ እሱ አያስርህም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ከትምህርት ቤቴ አንደኛ ነኝ። አባቴ መምህር ነው። አሜሪካ አንድ ኮሌጅ 25 ሺህ ዶላር የሜሪት ስኮላርሺፕ ብሎ ተቀብሎኛል፣ ቀሪው 50 ሺህ አካባቢ ነው። አንድ ኤጀንት ደግሞ ‹ሙሉውን አስጨርስልሻለሁ፣ 90 ሺህ ብር ክፈይ› ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንዳትከፍዪ። ስኮላርሺፕ በደላላ አይገዛም። ኮሌጁ የወሰነውን ገንዘብ ውጭ ያለ ሰው የሚያስጨምርበት መንገድ የለም። ብዙዎቹ ኤጀንቶች የሚያደርጉት አንቺ በነጻ መሙላት የምትችዪውን ፎርም መሙላት ነው፣ የባሰባቸው ደግሞ ትራንስክሪፕትና የባንክ ወረቀት ይቀጣጥላሉ፣ ያ ከተነቃ ኮሌጁም ቪዛውም ባንድ ላይ ይሄዳል። በነጻ መጠየቅ ከፈለግሽ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል የሚሠራው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ አለልሽ።

ስለ 25 ሺሁ እውነቱን ልንገርሽ። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልግሽን አይ-20 ለመስጠት ቀሪውን 50 ሺህ የሚከፍል ሰው አሳዪ ይልሻል። በመምህር ደመወዝ አይታሰብም። ከውጭ ለሚያመለክት፣ ቤተሰቡም ለማይከፍል ልጅ ሜሪት የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ በቂ አይደለም። ጥሩው መንገድ ያው ‹ሜሪት አንሰጥም› የሚሉት ጋ ነው፣ የተቀበሉትን ልጅ የጎደለውን ሁሉ ስለሚሞሉ። አምኸርስትና ቦውደን የውጭ ተማሪም ቢሆን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ነው የሚወስኑት። ማካሌስተር፣ ማውንት ሆልዮክና ስሚዝ ደግሞ ሜሪትም ቢሰጡ ከተቀበሉሽ የጎደለውን ይሸፍናሉ፣ ግን ሲወስኑ ምን ያህል እንደምታስወጪያቸው ያያሉ። ስለዚህ ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ለዚህ ነው ሦስት አራት ቦታ ብቻ ማመልከት የማይበቃው።

ከነዚህ ለየት የሚለው ኬንተኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ነው። በ1855 የተመሠረተ፣ ከ1892 ጀምሮ ከማንም የትምህርት ክፍያ የማይቀበል ኮሌጅ ነው። የውጭ ተማሪ የሚቀበለው በጣም ጥቂት ነው፣ ለተቀበለው ግን የመጀመሪያውን ዓመት የትምህርት፣ የመኝታና የምግብ ወጪ ይሸፍናል። ሁሉም ተማሪ፣ አሜሪካዊውም ሳይቀር፣ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ይሠራል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ወጥ ቤት፣ እርሻ፣ ምንም ሊሆን ይችላል። ‹ሥራ› ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወላጆች አሉ። አባትሽ እንደዚያ ከሆኑ ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው።

ሁለት ነገር ልብ በዪ። ፋይናንሻል ኤይድ እንደምትፈልጊ መጀመሪያ ስታመለክቺ ነው የምትናገሪው። ‹ልግባና በኋላ እጠይቃለሁ› ካልሽ ብዙዎቹ ጋ ለአራት ዓመት በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የቤተሰብሽን ገቢ ወደ ዶላር ስትቀይሪ ደግሞ የምትሞዪበትን ቀን የባንክ ምንዛሬ ተጠቀሚ። በኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በድሮው ምንዛሬ የሞላ ልጅ አባቱን ሳያውቅ በእጥፍ ሀብታም አድርጎ ነው የሚያቀርበው። የማመልከቻ ክፍያውን ‹ይነሳልኝ› ብለሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ያነሳሉ። ተሳክቶልሽ ከሄድሽ ደግሞ፣ በኤፍ-1 ቪዛ ላለ ተማሪ ስኮላርሺፑ ለመኝታና ለምግብ ከሚከፍለው ላይ 14 በመቶ የአሜሪካ ታክስ ሊቆረጥ ይችላል። ከትምህርት ክፍያው ላይ አይቆረጥም። መስከረም ላይ ያልጠበቅሽው ቢል እንዳያስደነግጥሽ አሁኑኑ ኮሌጁን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከቤተሰቤ ጋር የመጣሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአሳይለም ኬዛችን አልተወሰነም። ፋፍሳ መሙላት አትችልም አሉኝ። ታዲያ ኮሌጅ ቀረብኝ ማለት ነው? — 11ኛ ክፍል፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ አልቀረብህም። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚጠየቅበት ፎርም ነው። ገንዘቡን ለማግኘት ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም አሳይለሙ የጸደቀለት መሆን አለብህ። ኬዙ በእንጥልጥል ያለና ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመኖሪያ ጥበቃ) ያለው አያገኝም። የግል ኮሌጅ ሜሪት ስኮላርሺፕ ግን ከኮሌጁ ኪስ ነው የሚወጣው፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም ራሱ ነው። አሜሪካ ሃይስኩል የተማረውን ልጅ ወረቀቱ ምንም ይሁን እንደ አገሬው ልጅ የሚያዩት አሉ፣ እንደ ውጭ ተማሪ የሚያዩትም አሉ። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ስለሆነ ከማመልከትህ በፊት በኢሜይል ጠይቅ፣ መልሱንም አስቀምጠው።

ጎበዝ ከሆንክና የቤተሰብህ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ኩዌስትብሪጅ የሚባለውን፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከኮሌጅ ጋር የሚያገናኝ ድርጅት፣ ዛሬውኑ ተመልከት። አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል እየተማረ ያለ ልጅ ዜግነቱ አይጠየቅም። ማመልከቻው በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው፣ ማለትም ሌላው ልጅ ገና ሳይጀምር አንተ መጨረስ አለብህ። ከአንዱ ኮሌጅ ጋር ካጣመሩህ ሙሉው የአራት ዓመት ወጪ ይሸፈንልሃል፤ ዊሊያምስ፣ ፖሞና፣ ስዋርዝሞርና ካርልተን ሁሉ አብረውት ይሠራሉ። እንደ ቺካጎና ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ከተሞች ለምትኖሩ ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ በ1989 የተመሠረተው ፖሲ ፋውንዴሽን አለ። በመሪነት ችሎታ መርጦ ሙሉ የትምህርት ክፍያ ያሰጣል፣ አሥር አሥር ልጅ አንድ ላይ ወደ አንድ ኮሌጅ ይልካል። እሱ ጋ ራስህን አታመለክትም፣ ትምህርት ቤትህ ወይም የምትሳተፍበት ድርጅት ነው የሚጠቁምህ። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፣ ቆሞ መጠበቅ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ልጃችን በጣም ጥሩ ኮሌጅ ገብታ የፕሬዝዳንት ስኮላርሺፕ የሚሉትን የኮሌጁን ሜሪት አገኘች። ደብዳቤው ጠቅላላ እርዳታ 64,200 ዶላር ይላል፣ እኛ የምንከፍለው 20 ሺህ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ 3 ሺህ ሰጥቷታል። ሜይ 1 ዲፖዚት ክፈሉ ተብለናል። እንክፈል? — እናት፣ ከዴንቨር

መልስ፦ ቆይ፣ አይክፈሉ። የላኩልንን ደብዳቤ መስመር በመስመር አየሁት። ጠቅላላ ወጪው 84,200 ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ የፕሬዝዳንት ስኮላርሺፕ 36,000፣ የተማሪ ፌዴራል ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,700፣ ፓረንት ፕላስ 20,000። ይህን ሁሉ ደምሮ ነው 64,200 ያለው።

ፓረንት ፕላስ በእርስዎ ወይም በባለቤትዎ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ወለዱ መቁጠር የሚጀምረው ወዲያው ነው፣ ልጅቷ ብትመረቅም ባትመረቅም ባለዕዳው እናንተ ናችሁ። የተማሪውም ብድር ነው። ወርክ ስተዲ ደግሞ ሠርታ በየሁለት ሳምንቱ የምታገኘው ደመወዝ ነው፣ ከቢሉ ላይ ቀድሞ አይቀነስም። ስጦታው 36 ሺህ ብቻ ነው። የቀረው 48,200 ከናንተ ቤት ነው የሚወጣው፣ ዛሬ ይሁን በብድር ነገ። ይሄ አጻጻፍ ያናድደኛል። ሕገ ወጥ አይደለም፣ ግን እንግሊዝኛው የማይቀናውን ወላጅ ጭልጥ አድርጎ ያሳስታል።

ሌላም አለ። ደብዳቤው ስኮላርሺፑ ‹በየዓመቱ 36,000› ነው የሚለው። ቁጥሩ አይጨምርም፣ ክፍያው ግን ይጨምራል። በዓመት 4 በመቶ ቢጨምር በአራተኛው ዓመት ወጪው 94,700 ገደማ ይደርሳል፣ የናንተ ድርሻ ከ58 ሺህ ያልፋል። በዚያ ላይ ከታች በትንሽ ፊደል ጂፒኤዋ ከ3.0 በታች ከወረደ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል ይላል። ሃይስኩል ሁሌም ኤ ያመጣች ልጅ ኬሚስትሪ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሊጥላት ይችላል። ከተቋረጠ ማስመለስ ይቻላል ወይ፣ ስንት ሴሚስተር ይታገሣሉ፣ ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የቤተ ክርስቲያኑንም ሦስት ሺህ ሳይናገሩ እንዳይቀሩ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ግን ከየትኛው ላይ እንደሚቀንሱት ይጠይቁ። አንዳንዱ ኮሌጅ ከውጭ የመጣ ስኮላርሺፕ ሲሰማ ከራሱ ስጦታ ላይ ይቀንሳል፣ ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ኮሌጁን ረዳ ማለት ነው። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿን ይህን እንዳያደርጉ በሕግ ከልክላለች፣ እናንተ ያላችሁበት ግን የግል ኮሌጅ ነው። ከብድሩ ላይ እንዲቀነስ ወይም በሁለት ዓመት ተከፍሎ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴም ቢሆን በዚያ መልክ ሊጽፈው ይችላል።

ከዚያ ይግባኝ ይጻፉ። እኛ ‹የሰጡንን እንዴት አነሰ እንላለን› እንላለን፣ ይሉኝታ ይይዘናል። እነሱ ጋ የተለመደ ሥራ ነው፣ ለዚሁ የተቀመጠ ሰው አለ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፣ ምስጋና ሁለት መስመር፣ ከዚያ ቁጥር። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ ከዚህ የተሻለ ከሰጣት ቅጂውን አያይዙ። ባለቤትዎ ሰዓት ከተቀነሰባቸው፣ አገር ቤት ለወላጅ የምትልኩት ገንዘብ ካለ፣ የሕክምና ዕዳ ካለ፣ ወረቀቱን አያይዙ። ‹አገር ቤት እንልካለን› የሚለውን ብቻ ቢጽፉ አይገባቸውም፣ የሐዋላ ደረሰኝ ሲያዩ ግን ይገባቸዋል። ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን በቀጠሮ በስልክ ያናግሩ፣ ልጅቷም ትኑር፣ ግን እርስዎም ይናገሩ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀድመው ይጠይቁ።

ሌሎቹን የተቀበሏትን ኮሌጆች ደብዳቤ አልላኩልንም፣ የዚህኛውን ብቻ ነው ያየሁት። እነሱንም እንዲሁ ይሥሩ፣ ስጦታውን ብቻ ከጠቅላላው ወጪ ቀንሰው ቀሪውን በአራት ያባዙ። የኮሎራዶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏት ከሆነ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ይግባኙን በዚህ ሳምንት ይላኩት። ሜይ 1 ሳይደርስ መልስ ካልመጣ ለአድሚሽን ቢሮው ይደውሉና ‹ይግባኛችን እየታየ ስለሆነ የዲፖዚቱ ቀን ይራዘምልን› ይበሉ። ሲጠየቁ እሺ የሚሉ አሉ፣ እሺ ያሉትንም በኢሜይል ያጽፏቸው።